ከጥዱ ሥር የተቆረጠው እንጉዳይ

የአንኮበር ምሽግ አዛዥ የነበረው ጣሊያናዊ ሻምበል እንጉዳይ በልቶ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ምክትሉ መቶ አለቃ ወጥ ቤቷን ወለተሐናን አሰረና ጥድ ላይ ገመድ አሰቀለ። ነገሩ የአገር ወግ እንዲመስልለት ደግሞ የቀድሞውን ዳኛ ባላምባራስ ዘርአ ዳዊትን አስጠራ፤ አገር ተሰብስቦ ጥፋተኛውን የሚያወጣበት አውጫጭኝ እኩለ ቀን ላይ ነው። ወይ ጉድ! ገመዱ ከምርመራው ቀደመ።

«መሞቴንስ አውቄዋለሁ፣ አባቴ» አለች ወለተሐና፣ ባላምባራስ ወደታሰረችበት ሲገቡ። «ብቻ መርዘኛ ተብዬ አልሙት።»

«እንጉዳዩን ማን ለቀመው?»

«ወትሮ እኔ ነኝ። ከፈረንጅ ጥድ ሥር የሚበቅለውን፣ ከጃንጥላው ሥር እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ተከትፎ ኩሽና አገኘሁት። ሻምበሉ አስለቅሞት የሄደ መስሎኝ ጠበስኩት።»

«የት ሄዶ ነበር?»

«ጣርማ በር ውሎ ማታ ገባ።»

«አልቀመስሽውም?»

«በቅቤ እኮ ነው! በፍልሰታ ቅቤ ልቅመስ?»

«መቶ አለቃውስ?»

«ሌላ ጊዜ ይሻማ ነበር። ያን ማታ ሆዴን አሞኛል ብሎ ዳቦ ብቻ በላ።»

ባላምባራስ ከእሷ ዘንድ ወጥተው ጥዶቹ ሥር ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ጫሩ። ያገኙትን በኩታቸው ጫፍ ቋጠሩ።

እኩለ ቀን ላይ አገሬው ተሰበሰበ። መቶ አለቃው ወንበር ላይ ተቀምጦ በሰንጢ እንጨት ይቀርፋል። የአሊዩ አምባው አስተርጓሚ ሰላሀዲን አጠገቡ ቆሟል።

ባላምባራስ ቋጠሮውን ፈቱ። «መርዘኛው እንጉዳይ ሥሩ ላይ ይህን የመሰለ ከረጢት አለው። የእኛ ሰው እንጉዳይ ይነቅላል እንጂ አይቆርጥም፤ ከረጢቱ አብሮ ይወጣል። ይህን የለቀመ ግን በስለት ቆርጦ ከረጢቱን አፈር ውስጥ ትቶታል። እዚህ እንጉዳይ በሰንጢ የሚቆርጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ጣርማ በር ዋለ፤ እሱም ሞቷል። ሁለተኛው ሴትዮዋ በጾም እንደማትቀምስ ያውቃል፣ ያን ማታ እንጉዳዩን አልነካም፣ ዛሬ ምሽጉ የእሱ ነው።»

ሰላሀዲን ወደ ባላምባራስ ጠጋ አለ። «ባላምባራስ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፤ ይህን ልተርጉመው?»

እህል ቢያንቅ በውሃ ይውጡታል፤ ውሃ ያነቀ እንደሆነስ? ገዳዩ ራሱ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ ለማን አቤት ይባላል!

«ተርጉመው» አሉ።

ተረጎመው። መቶ አለቃው ሳቀ፤ ሰንጢውን አጠፈና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ሁለተኛ ገመድ አምጡ ነው የሚለው» አለ ሰላሀዲን እንባው እየወረደ።

ባላምባራስ ኩታቸውን አውልቀው አጠገባቸው ለቆመው ሰው ሰጡና ወደ ወለተሐና ዞሩ።

«አገር ሰምቷል፣ ልጄ። ከእንግዲህ መርዘኛ የሚልሽ የለም።»