ውርጭ ያልነካው ጉሎ

«ዛሬስ ምን ሊበሉ ነው?» አሉ እማማ ባየሽ፣ የካርቶኑን ክዳን በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው።

ድንቅቱ ከረጢቷን ከግድግዳው አወረደች። አያቷ ይህን ሲጠይቁ ከነጋ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ የአምቦን ጉሎ ሁሉ አጥቁሮት አድሯል። ትናንት በየአጥሩ ጥግ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የነበረው ቅጠል ዛሬ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተንጠልጥሏል። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ አርባ የሐር ትሎች፣ ትናንት አጥንቱን ያስቀሩት ቅጠል ላይ ሆነው አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ ያደርጋሉ።

«ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሰው አደራ እኮ ነው! ቢሞቱብሽስ? ደግሞ በዚህ ብርድ ወጥተሽ ሳንባሽን ቢመታሽስ?»

«አኮ፣ እፈልጋለሁ አልኩ እኮ!» አለች ድንቅቱ፤ አያቷን እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ በኦሮምኛ ነው የምትጠራቸው። ከረጢቷን አንግታ ወጣች።

ጊዜው የ1978 ዓ.ም. ጥር ነው። ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ሲዘጋ የሳይንስ አስተማሪው መምህር ኩምሳ ትሎቹን ለሁለት ከፍለው ለድንቅቱና ለጓደኛዋ ለዘሀራ ሰጥተዋቸው ነበር፤ ለያንዳንዳቸው አርባ አርባ። ብዙ ትል አሳድጋ ድር ያስፈተለች ልጅ አዲስ አበባ ለሚደረገው የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ትሄዳለች። መኪናው ላይ ያለው ቦታ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። ድንቅቱ ደግሞ በአሥራ አራት ዓመቷ ከአዲስ ዓለም ወዲያ አልፋ አታውቅም።

ከውርጩ በፊት የነበሩት ቀናት እንዴት ያሉ ነበሩ! ሁለቱ ልጆች ማለዳ ማለዳ ይወጣሉ፤ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ከወዲያ ማዶ ይሰማል፤ ጤዛው እስኪረግፍ አጥር ጥግ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እርጥብ ቅጠል ትል ይገድላል። ቅጠል መምረጥ እንደ ዋዛ የሚታይ ሥራ አይደለም። ጫፍ ላይ ያለው ለጋው ሆዳቸውን ያላላዋል፤ ታች ያለው ያረጀው እንደ ቆዳ ይጠነክርባቸዋል። ደህናው ከጫፍ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ነው። ያንን ቀጥፈው፣ በጨርቅ ወልውለው፣ ዘሀራ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ በአንድ ይካፈሉታል። «ላንቺ፣ ለኔ። ላንቺ፣ ለኔ።»

ከዚያ ድንቅቱ ድርሻዋን ይዛ ቤት ስትገባ እማማ ባየሽ እያንዳንዱን ቅጠል አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው ያሸቱታል። ወደ አፍ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ የሰውም ይሁን የከብት፣ አስቀድሞ በአፍንጫ ማለፍ አለበት ባይ ናቸው። ወተት ያሸታሉ፣ ዱቄት ያሸታሉ፣ የጎረቤት ልጅ የያዘውን ብስኩት ሳይቀር ተቀብለው አሽተው ይመልሱለታል። ድንቅቱ ሳታውቀው ይህ ልማድ ተጋብቶባታል።

በዚያ የውርጭ ቀን ዘሀራ አብራት መሄድ አልቻለችም። አባቷ ጋሼ ፈዲሉ ሸነን ገበያ ስለሄዱ ሱቁ እሷ ላይ ወድቋል። ድንቅቱ ስትደርስ ለአንዲት ሴትዮ ላምባ እየለካች ነበር።

«አባዬ ሳይመጣ ሱቁን ለማን ልተወው? አንቺው ሂጂ።»

«ባጣስ?»

«አንቺ? የአያትሽን አፍንጫ ይዘሽ ጉሎ ልታጪ? አትፎግሪኝ!» ዘሀራ በላምባ እጇ እንዳትነካት በክርኗ ገፋ አደረገቻት። «ሂጂ ባክሽ፣ ልጆቼ ተርበዋል።»

ድንቅቱ እስከ እኩለ ቀን ዞረች። በመጨረሻ ከፍል ውሃው ጀርባ፣ ሙቅ ውሃው እየፈሰሰ በሚወጣበት ቦይ ዳር፣ ውርጭ ያልነካው አንድ ጉሎ አገኘች። ምድሩ ራሱ ይሞቃል። ግን ዛፉ ትንሽ ነው፤ የሚሆነውን ብትለቅም አሥራ አንድ ቅጠል ብቻ ወጣው። ለአርባ ትል ይበቃል። ለሰማንያ አይበቃም።

ሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ ከሽንኩርት መደብ አጠገብ ባሕር ዛፍ የጋረደው ሌላ ጉሎ ነበር። ይኸኛው ሰፋፊ ቅጠል፣ ያማረ አረንጓዴ። አንዱን ቀጠፈችና አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው።

መድኃኒት ይሸታል።

ከሁለት ቀን በፊት አንድ ሰው ጀርባው ላይ መርጫ አዝሎ ሽንኩርቱን የተባይ መድኃኒት ሲረጭ አይታለች። ቅጠሉን ጥላ መሄድ ትችል ነበር። ግን ቆመች። አሥራ አንዱን ለሁለት ቢካፈሉ የሁለቱም ትሎች ይራባሉ፤ ሁለቱም ካልሆነላቸው መኪናው ላይ ማን ይወጣል? ከወንዝ ዳሩ ጉሎ አሥር ቅጠል ቀጠፈች። ወንዙ ውስጥ አጠበች፤ በሻሿ አደረቀች፤ መልሳ አሸተተች። ሽታው ቀንሷል። አልጠፋም። አሥሩን ከረጢቷ ውስጥ ከተተች፤ የፍል ውሃውን አሥራ አንድ ለብቻ በእጇ ያዘች።

«አጥቤዋለሁኮ» አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ።

ያን ቀን ደጃፉ ላይ «ላንቺ፣ ለኔ» አልተባለም። «ከፍዬው ነው የመጣሁ» አለች ድንቅቱ። ዘሀራ አሥሩን ሳታሸት፣ ሳትቆጥር ተቀበለቻት። «ያንቺ ውለታ!» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

በማግስቱ ድንቅቱ ስትሄድ ዘሀራን ጓሮ አገኘቻት፤ ሳፋ ላይ አጎንብሳ እጇን በሳሙና ትፈትጋለች። ጣቶቿ ቀልተዋል። አጠገቧ ካርቶኑ ክፍት ነው። አርባዎቹም ጠቁረው፣ ተጨማደው ተኝተዋል።

«ላምባው ነው ድንቄ» አለች ዘሀራ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ታጥቤ ነበር እኮ! ግን በደንብ አልታጠብኩም መሰለኝ። እኔው ነኝ የገደልኳቸው። ላምባ ይሆን?»

ድንቅቱ ሳፋውን አየች። የሳሙናው አረፋ ወደ ጎመኑ እየፈሰሰ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አለች።

ከዚያ በኋላ ውርጩ ለቀቀ። ሌላ ጉሎ አቆጠቆጠ፤ የድንቅቱ ትሎችም ጣት አክለው ወፈሩ። ሌሊት ቅጠል ሲቆረጥሙ ጣሪያ ላይ ካፊያ የሚወርድ ይመስላል። ቀድሞ ቢሆን ይህን ድምፅ ለዘሀራ ሳትነግር አታድርም ነበር። አሁን ወደ ሱቁ የሚወስደውን መንገድ ትታ በዙሪያው መሄድ ጀምራለች።

ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ እማማ ባየሽ ሊያጥቡት ያነሱትን ከረጢት አፍንጫቸው ላይ አስጠጉ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄን ምን ነክቶታል? መድኃኒት መድኃኒት ይላል! ልጄ፣ ለትሎቹ ከዚህ አልሰጠሻቸውም አይደል?»

«ለኔዎቹ አልሰጠሁም።»

«እሰይ፣ ዋቀዮ ይመስገን። ትልም ቢሆን ነፍስ ነው።» ከረጢቱን ሊያስቀምጡት ብለው መልሰው ያዙት። «እኔ ግን የሚገርመኝ ያቺ ምስኪን ልጅ ናት። ከትናንት ወዲያ ጨው ልገዛ ብሄድ እጇ ተላልጧል። አሁንም ትፈትገዋለች አሉ። የሷዎቹን ምን ገደላቸው ይሆን?»

ድንቅቱ ዓይኗን ወደ ትሎቹ ካርቶን አዞረች። እማማ ባየሽ አይተዋት ጥያቄያቸውን አልደገሙም፤ በሕይወታቸው ሙሉ ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ድንቅቱ ባዶ የጫማ ካርቶን ፈልጋ አመጣች። ከታች ትኩስ ቅጠል አነጠፈች። ከዚያ ትሎቹን አንድ በአንድ ከነቅጠላቸው እያነሳች፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ማካፈል ጀመረች። ላንቺ። ለኔ። ላንቺ። ለኔ። ሃያ ሲሞላ ካርቶኑን ከደነችው። ቆየት ብላ ከአያቷ እጅ ከረጢቱን ቀስ አድርጋ ወሰደችና፣ ሳይታጠብ፣ ከነሽታው፣ አጥፋ ክዳኑ ላይ አኖረችው።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? ወዴት ነው? ያልታጠበ ከረጢት ይዘሽ ወዴት? ብርድ ነው እኮ!»

እንዲህ እያሉ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ካርቶኑን ጠቀለሉላት፤ ጫፉን ሁለቴ ቋጠሩት።

ድንቅቱ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩን በክርኗ ገፍታ ወጣች። በዙሪያው አልሄደችም። በሱቁ በኩል ያለውን መንገድ ያዘች።