ምን አውቅልህ

ክረምቱ የጦሳን ተራራ በጉም ሸፍኖ ደሴን ጭጋግ ውስጥ ሲከታት፣ ትርንጎ ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናዋን ታቆምና ልጇን ዱካ ላይ ፊት ለፊቷ ታስቀምጣለች። አጠገባቸው ለመስከረም የሚደርሱ የተማሪ ዩኒፎርሞች ተቆልለዋል፤ የመኪናው ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ከእርጥቡ የጭቃ ግድግዳ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞልቶታል። ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለየው በር አይደለም፤ አበባው የደበዘዘ መጋረጃ ነው። ባሏ ደርቤ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ግሬደር ስለሚነዳ፣ ለበዓል ካልሆነ ብቅ አይልም።

ልጅቷ ህሊና ትባላለች። አራት ዓመት ቢሞላትም አንድ ቃል አልወጣትም። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች፤ "እማዬ" ብላ ግን አታውቅም። ትርንጎ ኪዳን ስታደርስ ከአምላኳ የምትለምነው ይህችኑ አንዲት ቃል ነበር።

ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ሲስተር ፈትለወርቅ የልጅቷ ጆሮ ደህና መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ፣ "ተጫወቻት" አለቻት። "ቀላል ጨዋታ፤ አንቺ ትያለሽ፣ እሷ ትመልሳለች። ከጠየቅሽ በኋላ ግን ዝም በይ። የኛ የእናቶች ችግር እኛው ጠይቀን እኛው መመለሳችን ነው። ዝምታውን ተዪላት፣ ራሷ ትሞላዋለች።"

ትርንጎ ዝምታ አያስፈራትም፤ መስማት የምትወድ ሴት ናት። የክር ጥቅል ሳህን ስር ደብቃ "የት ሄደ?" ትልና ዝም ትላለች። የበጉን፣ የዶሮውን ድምፅ ታሰማና ዝም ትላለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የጣራው ማገር እንደ ሽማግሌ ጉልበት ሲንቋቋ፣ በዚያ ሁሉ መሃል የልጇን ትንፋሽ ለይታ እየሰማች ትጠብቃለች። ህሊና አፍ አፏን ከማየት በቀር ምንም አትልም።

በመጨረሻ ትርንጎ ራሷ በልጅነቷ የተጫወተችው ትዝ አላት።

"እንቆቅልሽ!" አለቻት፤ ምስጢር እንደምትነግራት ጎንበስ ብላ። "ምን አውቅልሽ! ትያለሽ እሺ? ከዚያ እጠይቅሻለሁ። ካላወቅሽው አገር ትሰጪኛለሽ። ወልድያን ሰጠሁሽ፣ ሐይቅን ሰጠሁሽ፣ ደስ ያለሽን። እንቆቅልሽ!"

ዝም አለች። እንደታዘዘችው ረጅም፣ ትዕግሥተኛ ዝምታ ተወች። በዚያ ዝምታ መሃል፣ አንድ ሰው ለመናገር ሲል አየር ወደ ውስጥ የሚስበውን ዓይነት ድምፅ ሰማች። ከህሊና አልመሰላትም፤ ህሊና ግን በዚያው ቅጽበት አፏን ከፈተች።

"ምን አውቅልህ።"

ትርንጎ እልል አለች። ልጇን አቅፋ አለቀሰች፣ ደጅ ወጥታ ጎረቤቷን እትዬ አስካለን ጠራች። ልጅቷ ደግማ አለችው፤ ጥርት አድርጋ፣ "ምን አውቅልህ"።

"'አውቅልሽ' ነው የኔ እናት፣ ለሴት 'አውቅልሽ' ነው የሚባለው" አለቻት ትርንጎ እንባዋን እየጠረገች።

"ተያት እባክሽ፣ ታወራልሽ እንጂ!" ሳቁ እትዬ አስካለ። "የኔዋም ስትጀምር ላሟን አንተ ትላት ነበር። ደርቤን እየጠራችው ይሆናላ፣ ያ ጠፊ!"

ሳቁ። ህሊና አልሳቀችም። ፊቷ ወደ እናቷም ወደ ጎረቤቷም አልነበረም፤ መጋረጃውን ነበር የምታየው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ አወራች፤ ግን ጨዋታውን ብቻ። ውሃ ስትፈልግ አሁንም በጣቷ ነው የምታሳየው። ትርንጎ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስትሠራ ከኋላዋ ያቺ ቀጭን ድምፅ ትሰማለች፤ "ምን አውቅልህ"፤ ከዚያ ዝምታ፣ ልክ ሰው ስልክ ሲያወራ ከዚህ ወገን ብቻ እንደሚሰማው ዓይነት፤ ከዚያ "አላውቅም"፤ ከዚያ "ወልድያን ሰጠሁህ"። መኪናውን በድንገት ስታቆም ሁሉም ነገር አብሮ ይቆማል። አንድ ጊዜ ግን አንድ ነገር ዘግይቶ ቆመ፤ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ውሃ ያረፈበት አመድ የሚሸት ትንፋሽ።

ህሊና የምታውቃቸው አገሮች ጥቂት ነበሩና አለቁ። ከዚያ የቤቱን ዕቃ፣ ሳህኑን፣ ዱካውን፣ ጓዳውንም ሳይቀር፣ መስጠት ጀመረች።

"አልጋውን ሰጠሁህ" ያለች ዕለት፣ ትርንጎ ልትተኛ ስትል ፍራሹ በግድግዳው በኩል ጎድጉዶ፣ ብርድ ልብሱ ሰው ተኝቶበት እንደተነሳ ሆኖ፣ ግን ቀዝቅዞ አገኘችው። "መስታወቱን ሰጠሁህ" ካለች በኋላ ደግሞ ትርንጎ ነጠላዋን ለማስተካከል ፊቱ ስትቆም፣ ምስሏ እሷ ካቆመች በኋላ ነጠላውን ትንሽ ያስተካከለ መሰላት። አማተበች። ጠበል አምጥታ ጓዳውን ረጨች፣ ዳዊት ደገመች። ጓዳው ውስጥ የነበሩት ሽንኩርት፣ ጀሪካንና የተቀደደ ጆንያ ብቻ ናቸው።

ጨዋታውን ከለከለች። ህሊናም ተመልሳ ዝም አለች፤ ይኼኛው ዝምታ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም። አትስቅም፣ አታለቅስም፣ ጣቷንም አትዘረጋም። እንጀራ ሲያጎርሷት አፏ ውስጥ ይዛው ትቀመጣለች። ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ፣ ጆሮዋን እንደ ጣለች ትውላለች።

"አፈዘዝሻት" አሏት እትዬ አስካለ፣ ብቅ ብለው አይተዋት። "የተከፈተ አፍ ይዘጋል እንዴ? ምን ነካሽ አንቺ? በኋላ እግዜርም ይታዘብሻል።"

ትርንጎ ያንን ዕለት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ስታስብ ዋለች። ያ ያየችው ሁሉ የብቸኝነት ቅዠት ከሆነ፣ የለመነችውን ስጦታ በገዛ እጇ እየመለሰች ነው። ካልሆነ ደግሞ... ካልሆነ እሷ በመሃል ትቀመጣለች። ልጇን ለማንም ሳትለቅ፣ ልጇ ከእሷ ጋር እንድትጫወት ታደርጋለች።

ብርሃን ሳለ ዱካውን አዞረችው። ህሊናን በሩ በኩል አስቀመጠቻት፤ ራሷ ጀርባዋን ለመጋረጃው ሰጥታ፣ ልጅቷ ከእሷ ሌላ ምንም እንዳታይ ግጥም ብላ ተቀመጠች። ሁለቱንም ትንንሽ እጆች ያዘች።

"የኔ እናት፣ እኔን እይኝ። እንቆቅልሽ።"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ ዓይኗ ግን ከትርንጎ ፊት ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር ያረፈው፣ ልክ ከኋላዋ የቆመ ሰው ወደ እሷ ያጎነበሰ ይመስል።

"ምን አውቅልህ" አለች ህሊና።

የእርጥብ አመዱ ሽታ በትርንጎ ትከሻ ላይ አለፈ። ነጠላዋ በነፋስ የተነካ ያህል ፀጉሯ ላይ ተነቃነቀ፤ ነፋስ ግን አልነበረም። ዘወር ልትል ፈለገች፤ አንገቷ እምቢ አላት። ልጅቷ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ከባድ ጥያቄ እንደሚጠየቅ ተማሪ አዳመጠች።

"አላውቅም" አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ልማዷ እንደሆነው የምትሰጠውን ፍለጋ ቤቱን ቃኘች። አልጋው ተሰጥቷል። መስታወቱ፣ ሳህኑ፣ ዱካው፣ ጓዳውም ተሰጥተዋል። ዓይኗ ዞሮ ዞሮ የጨበጧትን እጆች አየ፣ ከእጆቹ ወደ ፊት ወጣ፣ እዚያም አረፈ፤ ፊቷም መልስ እንዳገኘ ልጅ በራ።

"እማዬን" አለች።

ትርንጎ ከመፍራቷ በፊት ደስ አላት። ስንት ኪዳን የለመነችው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገባ፣ ደረቷ ሞቀ፣ እንባዋ ዱብ አለ፤ "ሰጠሁህ" የሚለው የደረሳት ከዚያ በኋላ ነው።

መቼ እንደጨለመ አላወቀችም። እግሯ ስር የሽንኩርት ልጣጭ ተንኮሻኮሸ፤ መዳፏ ሻካራ ጆንያ ነካ። ከፊቷ አበባው የደበዘዘ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ የሳሎኑ ብርሃን በጨርቁ ዘልቆ ይታያታል፣ የስፌት መኪናው ሲረገጥም ይሰማታል። መጋረጃውን ልትገልጠው እጇን ዘረጋች፤ ጨርቁ አልተነቃነቀም።

"እንደምን ዋላችሁ!" አሉ እትዬ አስካለ የልጅቷን ድምፅ ከደጅ ሰምተው፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ። "እሰይ፣ ይኸው አፏን ፈታች! እስቲ ጥሪያት፣ እናትሽን ጥሪያት ልስማ!"

ልጅቷ ሳቀችና ጮክ ብላ "እማዬ!" አለች፤ ትርንጎም ከመጋረጃው ጀርባ በሙሉ ነፍሷ አፏን ስትከፍት፣ ከስፌት መኪናው ወንበር ላይ የራሷ ድምፅ ቀድሟት፣ በፍቅር፣ "ወዬ የኔ እናት" አለ።