ያልወሰነው መካኒክ

የሕዝብ አስተያየት ጠያቂዋ ወደዚያች የማዕድን ከተማ የመጣችው አራት መቶ ባዶ ቅጽ በቦርሳዋ ይዛ ነው። ቅጹ ላይ የሰፈረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ዘንድሮ ፈቃዱ የሚያበቃው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ለተጨማሪ ዐሥራ አምስት ዓመት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ?

ጥያቄው ከእሷ ቀድሞ ከተማዋን አምሷት ነበር። በዚህ ጉዳይ የተኮራረፉ ወንድማማቾች አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ በእጁ ይዞ መገላገል ስለሰለቸው «ይቀጥል» ባዮችን ጠዋት፣ «ይዘጋ» ባዮችን ከሰዓት በኋላ ማስተናገድ ጀምሯል።

በሦስተኛው ቀን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ አንድ ቤት አንኳኳች። አጥሩ ላይ «ማዕድናችን ይቀጥል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ እርጥብ አንሶላ ስለተሰጣበት ግን የሚነበበው «ማዕ» የሚለው ብቻ ነበር። ሰሌዳውን የሰቀሉት ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች ሲቆፍሩ ኖረው ጡረታ የወጡት አባት ናቸው። አንሶላውን ያሰጡት ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠቡት ልብስ ሳይደርቅ የከሰል ብናኝ ሲያጠቁርባቸው የኖሩት እናት ናቸው።

ሁለቱም በሩ ላይ እየተጋፉ መልስ ለመስጠት ተሽቀዳደሙ። ጠያቂዋ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ቀጣዩ የልደት ቀኑ የቀረበው፣ እንዲመልስ ሕጉ እንደሚያዝ በትሕትና አስረዳቻቸው። የሁለቱም ልደት በቅርቡ አልፏል። የቀረው የልጃቸው ነበር።

ልጃቸው ከሰሉን ከጉድጓድ የሚያወጣው የማጓጓዣ ቀበቶ መካኒክ ነው። በዚያ ሰዓት የእናቱን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈታትቶ ከሥሩ ተጋድሞ ነበር። ሲጠሩት ጆሮው ድረስ የሳሙና አረፋ እንደያዘ ወጣ። አባቱ አፈጠጡበት። እናቱም አፈጠጡበት። እሱ ሁለቱን ተራ በተራ አየና ዓይኑ ጠያቂዋ ላይ ደረሰ፤ እዚያው ቆየ።

«አልወሰንኩም» አለ።

«እንግዲያው ከሳምንት በኋላ ተመልሼ እጠይቅዎታለሁ» አለችው። «ያልወሰነ ሰው እስከ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል።»

«ሦስት ጊዜ» አለ መካኒኩ፣ ቁጥሩን እንደ ምርቃት ተቀብሎ።

በሳምንቱ ስትመለስ ጢሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃት። የምትቀመጥበት ወንበር ሁለቴ ተወልውሏል። ስለ ማዕድኑ የራሷን ሐሳብ መናገር ስለማይፈቀድላት እሱም ስለ ሌላ ሌላው ጠየቃት፤ በቀን ስንት በር እንደምታንኳኳ፣ ውሻ ነክሷት ያውቅ እንደሆነ። እሷም ከፍ ባለ ድምፅ ካልተጠየቁ አይሰማቸውም ተብላ ግማሽ ሰዓት ስለጮኸችባቸው፣ በኋላ ግን ጆሯቸው ፍጹም ደህና ሆኖ ስለተገኘ አንድ ሽማግሌ አጫወተችው። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጓዳ ያሉት እናት በደንብ ለመስማት ቧንቧውን ዘጉ።

አሁንም እንዳልወሰነ አስጽፎ እስከ መንገድ ሸኛት። ቀበቶው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነና እሱ በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር እየተጓዘ ድምፁን እንደሚያዳምጥ፣ ቀበቶውን ከሚያዞሩት ተሽከርካሪ ብረቶች የትኛው እንደታመመ በጩኸቱ እንደሚለይ ነገራት።

«ሰውንስ እንዲህ መለየት ይቻላል?» አለችው።

«ከባድ ነው። ብረቱ ቅባት ሲያገኝ ዝም ይላል። ቤታችን ያሉት ሁለቱ ግን በምንም ዝም አይሉም።»

ሳቀች። ቦርሳዋ ቀለል ያለላት መሰላት።

መካኒኩ ምሥጢሩን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የተናገረው፤ ለጓደኛው ለበያጁ። የበያጁ አፍ ግን ወንፊት ነው። «አልወሰንኩም» ላለ ሰው ያቺ ጠያቂ በየሳምንቱ ቤቱ ድረስ እንደምትመጣለት በማግስቱ ሁለቱም ፈረቃ ሰማ። በዐሥር ቀን ውስጥ መካኒኩን ጨምሮ ስልሳ ሦስት ወንደላጤዎች ሐሳባቸውን መወሰን አቃታቸው። አንዳንዱ ቀደም ሲል የሰጠውን መልስ ሊያነሳ ማደሪያዋ ድረስ ሄደ።

ጋዜጣው «ከተማዋ አመነታች» ብሎ ጻፈ። የማዕድኑ ኃላፊዎች ጠያቂዋ ሠራተኛውን አስፈራርታለች አሉ፤ ማዕድኑ እንዲዘጋ የሚፈልጉት ደግሞ ተገዝታለች አሉ። ተቆጣጣሪዋ ከዋናው ቢሮ ድረስ መጥታ ያልወሰኑት ሰዎች ቅጽ በሙሉ እንደተሰረዘ፣ ቅዳሜ ከሚደረገው የሕዝብ ውይይት በኋላም ከሥራ እንደምትሰናበት ነገረቻት።

ነገሩን ያፈነዳው ራሱ በያጁ ነው። ጠያቂዋ ምን እንዳጠፋች ለማወቅ እሱም አልወሰንኩም ብሎ ነበርና ቤቱ ብትሄድ ክራቫት አስሮ ተቀበላት። ለምን መወሰን እንዳቃተው ስታጣድፈው «ለመካኒኩ ሲሆን ሠርቶ የለም? እኛስ ምን በደልን?» አላት።

በቀጥታ ወደ መካኒኩ ቤት ሄደች። አልተቀመጠችም።

«ስልሳ ሦስት ሰው ዋሽቶኛል» አለችው። «የመጀመሪያው አንተ ነህ።»

«እርስዎ»ን ጥላ «አንተ» ያለችው በንዴት ነበር። እሱ ግን ልቡ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አሳፈረው።

«መጀመሪያ የዋሸሁት አንቺን አይደለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባዬን ነው። እኔ ከወሰንኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። እንዲዘጋ ነው የምፈልገው። ይህን እዚህ ቤት ውስጥ ብናገር ሠላሳ አንድ ዓመት የለፋኸው ከንቱ ነው ያልኩት ይመስለዋል። አንቺ ስትመጪ አልወሰንኩም ማለት ቀለለኝ። አንቺን ደግሞ እንደገና ማየት ፈለግሁ። ሁለቱም እውነት ነው።»

እስክሪብቶዋን ከደነችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«የኔ ሥራ የሰው ቃል ነው» አለች። «አንተ ቀለድህበት።» ወጥታ ሄደች።

ቅዳሜ ውይይቱ የተደረገው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ግዙፎቹ ቆፋሪዎች ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ጠያቂዋ በሩ አጠገብ ቆማለች።

መካኒኩ እጁን አወጣ። ወደፊት ሲሄድ ፊቱ እንደ አመድ ነበር። መጀመሪያ ስለ ስልሳ ሦስቱ ተናገረ። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ፣ እሷን እንደገና ለማየት ብሎ የጀመረው እሱ እንደሆነ፣ ማንም ማንንም እንዳላስፈራራ ገለጸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ በያጁ ጫማውን የሚያስር መስሎ አቀረቀረ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና የራሱን ሐሳብ ቀጠለ። ማዕድኑ ይዘጋ፤ ግን ዛሬ ሳይሆን ሰዉ ሌላ ሙያ ተምሮ ሲጨርስ ይሁን አለ።

«አባዬ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ይተነፍሳል» አለ። «እኔ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ከኋላው የሚመጣ ሰው እንዲህ እንዲተነፍስ አልፈልግም።»

አባት ብድግ አሉ። ወንበሯም አብራ ተነሳች፤ ወገባቸው ላይ ተሰክታ ቀርታለች።

«ልጄ ተሳስቷል» አሉ ወንበሯን እንዳዘሉ። «ማዕድኑ መቀጠል አለበት። ግን ሰው ፊት ቆሞ ያመነበትን የሚናገር ልጅ አሳድጌያለሁ። በሱ የሚስቅ ካለ ከኔ ጋር ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ የቃጣው ሁሉ በወንበሯ ምክንያት ከንፈሩን ነክሶ ዋለ። እናት ተነስተው ባላቸውን ከወንበሯ አላቀቁና እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

ተቆጣጣሪዋ ስንብቱን ሻረች። ስልሳ ሦስቱም እንደገና እንዲጠየቁ ወሰነች። ወንደላጤዎቹ በዚህ ጊዜ በሩን ሳይዘጉ፣ ቆመው፣ በአንድ ቃል መለሱ።

መካኒኩ ተራው እስኪደርስ አምስት ቀን ጠበቀ። ስድስተኛው ቀን ላይ በሩ ሲንኳኳ ፀጉሩን በእጁ ደልድሎ ከፈተ። በሩ ላይ የቆመው ሪዛም ጎልማሳ ሰውዬ ነበር።

«እሷስ?» አለ መካኒኩ።

ሰውዬው ወረቀቱን ገለጠ። «ባልደረባዬ እርስዎን መጠየቅ አትችልም። ሕጉ ጠያቂ የራሱን የቅርብ ሰው እንዲጠይቅ አይፈቅድም። ይኸው፣ ‹የቅርቤ ሰው ነው› ብላ ፈርማ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዳለች።»

መካኒኩ ፊርማውን ደጋግሞ አየው። «ይዘጋ ብዬአለሁ፣ ጻፍልኝ» አለና አንድ እግር ጫማውን እየጎተተ ወጣ። ሪዛሙን ሰውዬ እናትና አባት ግራና ቀኝ ያዙት።

አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ሻንጣዋን ከጎኗ አድርጋ አገኛት። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመ።

«የቅርብ ሰው ብለሽ ጽፈሻል።»

«ምክንያት ይጠይቃል ቅጹ» አለች ወደ መንገዱ እያየች። «ሐሰት መጻፍ አልችልም።»

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት።»

የእጅ ሰዓቱን አየ። ሰባት ከሩብ ነበር። ሻንጣዋን አንስቶ መሬት ላይ አኖረና በቦታው ተቀመጠ።

ማዕድኑ ለስድስት ዓመት ብቻ እንዲቀጥል ተወሰነ። አባት «ቀጠለ» እያሉ፣ እናት «ሊዘጋ ነው» እያሉ ሁለቱም አሸነፍን ብለው ጎረቤት ጋበዙ። መካኒኩ የውሃ ፓምፕ ጥገና ኮርስ ጀመረ። በዓመቱ ተጋቡ።

በሠርጋቸው ቀን አባት ሙሽራዋን ወደ ጥግ ጠሯት። ቆም ብለው ተነፈሱ፤ ግራና ቀኝ አዩ።

«ያኔ ልደቴ ቀርቦ እኔን ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ይዘጋ ነበር የምልሽ። ለእናቱ እንዳትነግሪያት።»

እስካሁን አልነገረቻቸውም።