የነብሯ መጋረጃ

ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ትናንት እዚሁ ቦታ ላይ ጉልበት አይደርስም ነበር፤ ሌሊቱን ተራራው ላይ የወረደው ዶፍ ግን ውሃውን አሳብጦ፣ አደፍርሶ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ያወርደዋል። ደን ጠባቂው ገመዱን ወገቡ ላይ ቋጠረና ሌላውን ጫፍ ለእህቱ ወረወረላት።

«እህትዓለም፣ ካሜራሽን ጭንቅላትሽ ላይ ተሸከሚ። ከወደቅሽ እሱን ልቀቂው።»

«እሱን ከለቀቅኩማ ለምን መጣሁ፣ ጋሼ?»

«እንግዲያው አትውደቂ» አላትና ገባ።

አልወደቀችም። መሃል ላይ ግንድ ጎኗን ገጭቷት፣ ተንገዳግዳ ጭቃ ውሃ ብትጠጣም እጆቿን ከራሷ ላይ አላወረደችም። ማዶ ስትደርስ ጥርሷ እየተንገጫገጨ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች። ውስጡ ደረቅ ነው። የተላላጠ ጎኗን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አላት። ሳምንቱን ሙሉ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፤ እሁድ እሁድ ሌንሷን ተሸክማ ሜዳ ለሜዳ ወፍ ስታሳድድ ትውላለች። ጎረቤት «ወፍ አባራሪዋ» ይላታል። አሁን ያመጣት ግን ወፍ አይደለም። ወንድሟ ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ሸለቆ የደን ቢሮው ለእንጨት ቆራጮች ሊሰጠው ነው። «ነብር አለበት» ብሎ ቢጽፍ፣ ኃላፊው «ካለች ፎቶዋን አምጣ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣህ መጋዙ ይገባል» አለው። የቀራቸው አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ሦስቱ ለመሄጃ፣ ሦስቱ ለመመለሻ። ፎቶው ካልተገኘ ጫካው ይወድቃል፤ የወንድሟም ዕድሜ አብሮ ከንቱ ይቀራል።

በማግስቱ ገላጣው ተረተር ላይ በረዶ ያዛቸው። መጠለያ የለ፣ ዋሻ የለ፤ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ቦርሳውን መሃላቸው አድርገው ተቃቅፈው ቆሙ። ሲያባራ የወንድሟ ጆሮ ደምቶ ነበር። «ቢሮ ቁጭ ብለው ነብር የለም የሚሉት ይቺን ቢቀምሷት» አለና ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሸምበቆው ውስጥ ጎሽ ገጠማቸው፤ ከመንጋው የተባረረ፣ ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚል ብቸኛ ኮርማ። ሸምበቆው ሲንኮሻኮሽ ወንድሟ ገፍትሮ ዛፍ ላይ ሰቀላትና እሱም ተከተላት። ጎሹ የጣሉትን የስንቅ ከረጢት ረግጦ ዱቄቱን ከጭቃ ጋር ለወሰው፤ ከዚያም ቀንዱን በግንዱ እያሸ ሁለት ሰዓት ሙሉ አገታቸው።

«ፎቶ አታነሺውም?» አላት ወንድሟ ከላይኛው ቅርንጫፍ።

«እጄን ከለቀቅኩ የማነሳው ከሆዱ ሥር ሆኜ ነው።»

ግማሽ ስንቅ ይዘው በሦስተኛው ቀን ሸለቆው ደረሱ። ከሥሩ፣ ሁለት ቋጥኞች ተደጋግፈው ዋሻ ሠርተዋል፤ አፉን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ዘግቶታል። ነብሯ እዚያ ነው የምትኖረው፤ ዓመት ሊሞላት የደረሰ አንዲት ልጅ አለቻት። ወንድምና እህት ሰባ እርምጃ ርቀው ቅጠል ለብሰው በደረታቸው ተኙ። ወሬ የለ፣ ሳል የለ፣ እሳት የለ።

አንደኛው ቀን ጉንዳን ሲበላቸው ዋለ። ሁለተኛውን ዝናብ በላው። በሦስተኛው ከማዶው አፋፍ ላይ ቀጭን ጭስ ታየ።

«ቆዳ አዳኞች ናቸው» አለ ወንድሟ በጆሮዋ። «ሁለት ናቸው፤ ዱካቸውን አውቀዋለሁ። ዋሻዋን ነው የሚፈልጉት። ያ ቁጥቋጦ እስካለ አያገኟትም።»

«ጠመንጃህስ?»

«ቢሮው ከወሰደው ሁለት ዓመቱ።»

በአራተኛው ቀን ነብሯ መጣች። ቁጥቋጦው ተነቃነቀ፣ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ፣ ካሜራው አከታትሎ ቀጭ ቀጭ አለ። ሴትዮዋ ምስሎቹን አንድ በአንድ ብታይ ቅጠል፣ ቅጠል፣ አሁንም ቅጠል። ከኋላው የደበዘዘ ጥላ አለ፤ ውሻም ነው ቢሏት መልስ የላትም። ይቺ እንደ ጉርድ ፎቶ ደንበኛ በርጩማ ላይ አስቀምጠው አገጭሽን ቀና አድርጊ የሚሏት አይደለችም።

«ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረን፣ ጋሼ።»

«ሁለት ቀን ብዙ ነው። ውሃ ስትወርድ በግራ በኩል በገላጣው ታልፋለች። ጠብቂያት።»

«ባታልፍስ?»

«የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። ይዘሻል፤ ዝም ብለሽ ተኚ።»

በአምስተኛው ቀን ነብሯ ልጇን አስከትላ በዋሻው ጀርባ ስንጥቅ ወጥታ ለአደን ሄደች። ዱካዋን ደን ጠባቂው አይቶ ለእህቱ ነገራትና ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ሴትዮዋ ብቻዋን ቀረች። እንግዲህ ሰው ሲቸኩል ምክንያት አያጣም፦ ጭሱ ከትናንት ጀምሮ አልታየም፣ አዳኞቹ ሄደዋል፣ ስንቁ አልቋል፣ ነገ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ሦስት ቅርንጫፍ ደግሞ ምን አላት? የወንድሟን ገጀራ አነሳች። በደረቷ እየተሳበች ዋሻው ድረስ ሄደች፤ ሦስቱን ወፋፍራም ቅርንጫፎች ከሥራቸው ቆረጠችና ጎትታ ገደል ከተተቻቸው። ተመልሳ በሌንሷ ብታይ የዋሻው አፍ እንደ ተከፈተ በር ወለል ብሏል። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ አላት።

ወንድሟ ውሃውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ። ለነገ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «ይሄ ግን የሚለቀም አይደለም።» ሌላ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሊያቆም ሲነሳ ነብሯ ልጇን እየመራች በስንጥቁ ስትገባ አዩ። ከዚያ ወዲያ መነቃነቅ አልተቻለም።

በማግስቱ ጀንበሯ ቋጥኙን እንደነካች ነብሯ ወጣች። በተከፈተው በር ላይ ሙሉ አካሏን ሰጥታ ቆመች፤ ብርሃኑ ጺሟን አንድ በአንድ ቆጥሮ አሳየ። ሴትዮዋ ትንፋሿን ዋጠችና የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። እንዲህ ያለ ፎቶ በዕድሜዋ አንስታ አታውቅም።

ጥይቱ ከማዶው አፋፍ ጮኸ።

ነብሯ በፊት እግሯ ተንበረከከች፤ ልትነሳ ሞከረች፤ ሁለተኛው ጥይት አስተኛት። ልጇ በላይዋ ዘላ ጫካው ውስጥ ተሰወረች። ሴትዮዋ ብድግ ልትል ስትል የወንድሟ ክንድ ከመሬት አጣበቃት፤ መዳፉ አፏን ደፈነው።

«ሁለት ጠመንጃ ነው» አለ። «ዝም በይ።»

ሁለቱ ሰዎች እየሳቁ ወረዱ። አንደኛው የተቆረጠውን ጉቶ በጫማው ነካ አድርጎ «ማን ይሆን የባረከን?» አለ። ቢላዋቸውን አወጡ። ሥራው አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ወንድምና እህት አንድ ሰዓት ሙሉ አዩት። የወንድሟ እንባ አንገቷ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማታል። ሰዎቹ ቆዳውን ጠቅልለው ሲሄዱ እንኳ ወንድሟ አልተናገራትም፤ መንገዱን ሁሉ አልተናገራትም። ወንዙ ላይ ገመዱን ወረወረላትና አሻገራት።

ኃላፊው ፎቶውን ሁለት እጁን ዘርግቶ ያዘው።

«ምን ዓይነት ጥራት ነው! አንዲት ቅጠል እንኳ አልጋረደችሽም?»

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። ወንድሟ ቀደማት።

«ዕድል ነው፣ ጌታዬ።»

«ልጅም አለቻት ብለሃል። አሁንም አሉ?»

«አሉ» አለ ደን ጠባቂው። «ሁለቱም አሉ።»

ኃላፊው ፈረመ። መጋዙ አልገባም። ደረጃው ላይ ወንድሟ ቆመና ሳያያት ተናገረ፦ «ሠላሳ ዓመት ለዚህ ቢሮ ውሸት ነግሬ አላውቅም ነበር።» በወሩ ሥራውን ለቀቀ። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። እሷ ቤቱ ስትሄድ ሚስቱ በር ትከፍትላታለች፤ እሱ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል።

ክረምቱ ሲወጣ ሴትዮዋ ፎቶ ቤቱን ዘግታ የነብሯን ልጅ ፍለጋ ብቻዋን ወደ ሸለቆው ተመለሰች። ወንዙን ብቻዋን ተሻገረች፣ ጎሹን ከሩቅ ዞረችው። ዋሻው ባዶ ነው። ወደ ታች፣ ወደ ውሃው መውረጃ ወረደች፣ ቅጠል ለብሳ ተኛች። እንጨት አልቆረጠችም፣ ሣር እንኳ አላጎበጠችም። አንድ ሳምንት ሄደ፤ ሁለት ሄደ። ወባ ይዟት ሦስት ቀን ተንቀጠቀጠች። ስንቋ አልቆ ሥራ ሥር ቆፍራ በላች። ስንት ጊዜ «ሞታለች፣ ተነሺ ሂጂ» አለች ለራሷ፤ ስንት ጊዜ ቦርሳዋን አነገተች፣ መልሳ አወረደች። በሠላሳ አራተኛው ቀን ቅጠሉ ሳይነቃነቅ ከቅጠሉ ወዲያ የሆነ ነገር ተነፈሰ። አንዴ ብቻ ተጫነች።

ወንድሟ ቤት ስትደርስ ከስታ በልብሷ ነው የታወቀችው። ጓሮ ድረስ ተከትላው ሄደችና ፎቶውን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም፤ እሷም እጇን አላወረደችም። በመጨረሻ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ መነጽሩን አወጣ፤ ረጅም ጊዜ አየው።

«ቅጠል ነው» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አንድ ጆሮ፣ ትንሽ ትከሻ። ሌላ ምንም አይታይም።»

«አይታይም።»

«ከአንቺ በቀር ማንም ሊያያት አይችልም ማለት ነው።»

«እኔም በደንብ አላየኋትም።»

ወንድሟ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እንግዲያው ደህና ናት» አለና ወንበር ሳበላት።