ዛይማ የፈታችው መታጠቂያ

የሰንደርማ ታላቅ ወንዝ በመታጠቂያ ምርጫ በዓል ማግስት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽቅብ ፈሰሰ። ጥቂት ፈሰሰና ደግሞ ጭራሽ ቆመ። ጉድ ፈላ! አገር ምድሩ ወደ ምንጩ ቢሮጥ፣ ውሃውን ከዐለት ሆድ የሚያፈልቀው የምንጩ ዕንቁ የለም። ሰርቃ የሄደችው የጎርሞዝ ተራራ ዘንዶ ነበረች። ዕንቁው በአርባ ቀን ካልተመለሰ የምንጩ ዐይን ለዘላለም ይደፈናል።

ንጉሡ በአደባባይ ቆመው ማሉ፦ «በዘውዴና በአባቶቼ አጥንት! ዕንቁውን የመለሰ ሰው የመታጠቂያውን ቀለም እንዲለውጥ ፈቅጃለሁ!»

ሕዝቡ አፉን በእጁ ያዘ። በሰንደርማ ሰው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው መታጠቂያ ይመርጣል፤ ቀይ የሰይፈኛ፣ አረንጓዴ የመድኃኒተኛ፣ ቢጫ የባለቅኔ ነው። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ የሚያናግረው በቀለሙ ልክ ነው። ለባለቀይ የሚነገረው ስለ ጠላትና ስለ ድል ብቻ ነው፤ ለባለአረንጓዴ ስለ ሕመም፣ ለባለቢጫ እንቆቅልሽና ውዳሴ። መታጠቂያውን በገዛ እጁ የፈታ ደግሞ ዳግም አያስርም፤ እስኪሞት ድረስ የሚያናግረው የለም፤ ያናገረውም የራሱ መታጠቂያ ይፈታበታል።

ዛይማ ዐዋጁን ሰምታ ሰይፏን አነሳች። ደስም አላላትም፣ አልፈራችምም። ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሟ ኤልማን በትኩሳት ሲሞት አጠገቡ የነበረችው እሷ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ሰውዳ የታወቁ መድኃኒተኛ ናቸው፤ ያን ቀን ሌላ በሽተኛ ቤት ነበሩ። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቅጠል ሲያስለዩዋት ቢኖሩም፣ በዚያው ዓመት የምርጫ ቀን ግን ብድግ ብላ ቀዩን ታጠቀች። ውስጧ በድን ሆኖ ነበር።

ያልገባት ነገር በኋላ መጣ። በአልጋ ላይ የሞተ ሰው ስም በባለቀይ ፊት አይነሳም፤ ባለቀይም አያነሳውም። እናትና ልጅ አንድ ገበታ ቀርበው እናቲቱ የሚሉት «ጠላትሽ ይውደቅ፣ ስለትሽ አይዶልድም» ብቻ ነው። ኤልማን በዚያ ቤት ሁለተኛ ሞተ። ዛይማ አረንጓዴውን የፈለገችው ለዚህ ነው፤ ስለ ልጁ ከእናቷ ጋር አንድ ቀን ለማውራት።

አብሯት የወጣው ጋሼ ቂርባ የሚባል ሽማግሌ ባለቢጫ ነው። መንገዱን በሙሉ ለራሱ ሲነጫነጭ ሄደ። «ዳቦ ስጡኝ ብል እንኳ በቅኔ ጠይቅ ይሉኛል! ዕንቁውን ካገኘን እንደ ሰው ጠግቤ የምበላበትን ቀለም ነው የምመርጠው።» ዛይማ መሳቅ እንደሚገባት ታውቅ ነበር፤ ፊቷ ግን እሺ አላላትም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ዋሻው አፍ ደረሱ። ቀድመዋቸው የመጡ የሰባት ጓድ ሰይፈኞች አጥንት ደጃፉ ላይ ተበትኗል። አውሬ የባለቀይ ሥራ ነው ብሎ ቤተ መንግሥቱ ከቀይ በቀር ልኮ አያውቅም። ዘንዶዪቱ የዋርካ ግንድ የሚያህል አንገቷን አወጣች፤ እሷም የዚያው ምድር ፍጥረት ናትና መጀመሪያ ያየችው መታጠቂያውን ነው።

«ባለቀይ! ትዋጊያለሽ፣ ትማረኪያለሽ ወይስ ትሸሺያለሽ?»

ከዋሻው ውስጥ ሲቃ የመሰለ ድምፅና የኮመጠጠ የትኩሳት ሽታ መጣ። ዛይማ ያንን ሽታ ከአንድ ትንሽ አልጋ ታውቀዋለች።

«ውስጥ የታመመ አለ?»

«ትዋጊያለሽ፣ ትማረኪያለሽ ወይስ ትሸሺያለሽ?»

«ማን ነው የታመመው? ላየው እችላለሁ!»

«ትዋጊያለሽ፣ ትማረኪያለሽ...»

ጋሼ ቂርባ እኔ ልሞክር ብሎ ቀረበ። እንቆቅልሽ ጠየቀችው፤ ፈታ። ሌላ ጠየቀችው፤ ፈታ። አሥራ አራተኛው ላይ ላቡን ጠረገና «ይቺስ እስከ ክረምትም አትጨርስም!» አለ።

ያን ጊዜ የዛይማ እጅ ወደ ቋጠሮዋ ሄደ። ሽማግሌው ደነገጠ። «ተይ አንቺ ልጅ! ከፈታሽው አረንጓዴውም ቀረ፣ እናትሽም ቀሩ። እኔም አላናግርሽም። እወድሻለሁ፤ ግን አላናግርሽም!»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። ፈታችው።

ዘንዶዪቱ ለባዶ ወገብ የተዘጋጀ ጥያቄ አልነበራትም፤ የሚፈታባት መታጠቂያም የላትም። በሌላ ድምፅ፣ እንደ ማንኛዋም እናት ተናገረች፦ «ልጄ ነው። እየተቃጠለብኝ ነው። ዕንቁው ቀዝቃዛ ነው ብዬ ምላሱ ሥር አደረግሁለት፤ አልበረደለትም።»

ዛይማ ገባች። ዕንቁውን ከልጁ አፍ አወጣች፣ ከዋሻው ደጅ ዳማከሴ ለቅማ ጨምቃ አጠጣችው፣ ቀዩን ጨርቅ እየነከረች ሆዱን አበሰችው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ዐይኗን አልከደነችም። በአራተኛው ቀን ልጁ አስነጠሰና ጢሟን ለበለባት... ይቅርታ፣ ጢም የላትም፣ ቅንድቧን ማለቴ ነው። ዘንዶዪቱ ግንባሯን መሬት አስነክታ «ውሰጂው» አለች።

ወንዙ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ተመልሶ ፈሰሰ። እምቢልታው ተነፋ፣ ንጉሡ ሸለሙ፤ የተሸለመው ግን ጋሼ ቂርባ ነው፣ የተፈታ ሰው አይጠራምና። ሽማግሌው ሽልማቱን ይዞ ዛይማን ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ምን ያድርግ!

ዛይማ ቀጥ ብላ እናቷ ቤት ገባች። ወይዘሮ ሰውዳ ሥር እየወቀጡ ነበር። ባዶ ወገቧን አዩና ዘነዘናው ከእጃቸው ወደቀ። 

«አይመልሱልኝ እማዬ፣ ሕጉን አውቃለሁ» አለች ዛይማ። «እኔን መናገር የሚከለክለኝ ግን የለም። ስለ ኤልማን ልነግርዎት ነው።»

እናቲቱ ባሉበት ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ውሃ ውሃ ሲል አጠጣሁት። ተረት ንገሪኝ አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ትንሽ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስነቃ እጁ ቀዝቅዟል። ጠራኝ አልጠራኝ አላውቅም። እስከ መጨረሻው ነቅቼ ነበር ብዬ ዋሸሁዎት። ተኝቼ ነበር፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ሰውዳ አፋቸውን ከፈቱ። ዛይማ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ከተናገሩት መታጠቂያቸው ይፈታል፣ መንደሩም መድኃኒተኛ አይኖረውም፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ ሦስት በሽተኞች ተራ ይጠብቃሉ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ከዚያ ልጃቸውን ጎትተው ጭናቸው ላይ አስተኟት፤ የመንገድ አቧራ የጠጣውን ሹሩባዋን አንድ በአንድ ይፈቱላት ጀመር።

ዛይማ አለቀሰች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፣ ኋላ ግን ጎረቤት እስኪሰማ አለቀሰች። በሽተኞቹም ደጅ ቁጭ ብለው ተራቸውን ጠበቁ።