ርዕስ ያልወጣለት ልቦለድ

ሚስከር ሞታ የተገኘችው ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር፣ ከምትኖርበት ሕንፃ ሥር ነው። ጎረቤቶቿ ልብስ ልታወርድ ጣሪያ ላይ ወጥታ አዳልጧት ነው አሉ። መርማሪ ሱረያ ግን አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ሱረያ መካ የተወለደች የወሎዎች ልጅ ናት፤ የሐበሻ ጉዳይ ሲመጣ የጅዳ ፖሊስ የሚጠራው እሷን ነው። ሟቿ ለውጭ የሚደረበውን ረጅም ቀሚስ፣ አባያ ለብሳለች፤ ሂጃቧንም በመርፌ ቁልፍ አጥብቃለች።

ጣሪያው ላይ የደረቀው ልብስ እንደተሰጣ ነው።

«ሴቶቹ እዚህ ምን ለብሰው ነው የሚወጡት?» ስትል ከሚስከር ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ የምትኖረውን ሀጀርን ጠየቀቻት።

«በቤት ልብስ ነው፣ እትዬ። ወንድ አይወጣበትም» አለች ሀጀር። ሰው ቤት የምትሠራ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሌላት ሴት ናት።

የሚስከር ወንድም ጀይላን መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ያለውን ሱቁን ዘግቶ መጣ።

«በሞተችበት ዕለት፣ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ ደውላልኝ ነበር» አለ እያለቀሰ። «ለጻፈችው ልቦለድ ርዕስ አጥታ ስትጨነቅ ነው የከረመችው። ‹ዛሬ አገኘሁት፤ ገና ለማንም አልነገርኩም› አለችኝ። ‹ሐሊማ አልወደቀችም› የሚል ነው። በልቦለዱ ከጣሪያ የምትወድቀው ልጅ ግን ስሟ ለይላ ነው፤ ሐሊማ የምትባል አላውቅም።»

ሱረያ ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቀችው። ከዚያ ሸረፊያ ሰፈር ሄዳ ልቦለዱን ሊያሳትም የተስማማውን መጽሐፍ ሻጭ፣ ተውፊቅን አገኘችው።

«ከሐሙስ ወዲህ አላየኋትም፤ በስልክም አልተገናኘንም» አለ።

«ምን ርዕስ መርጣ ነበር?»

«እኔ ‹የቀይ ባሕር ፍቅር› አልኳት። እሷ አንዴ ‹የሰው ቤት›፣ አንዴ ‹ስደተኛዋ› ትላለች። ግትር ነበረች። ደግሞ ርዕሱ ላይ የሰው ስም የተለጠፈበት መጽሐፍ ማን ይገዛል?»

ሱረያ አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ሦስቱንም በሚስከር ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሚስከር ልብስ ልታወርድ አልወጣችም» አለች። «አባያ ለብሳ ሂጃቧን ያጠበቀችው ባዳ ወንድ ልታናግር ስለሆነ ነው። ለሀጀር ወይም ለወንድሟ እንዲህ አትለብስም።»

«ጅዳ ውስጥ ስንት ወንድ አለ!» አለ ተውፊቅ።

«ርዕሱን የሚያውቅ ግን አንድ ነው። እስከ ሐሙስ ከተነሱት ርዕሶች በአንዱም የሰው ስም የለም። ስም ያለበትን የመረጠችው በሞተችበት ቀን ነው፤ የነገረችውም ለጀይላን ብቻ፣ እሱም መካ ሆኖ። እርስዎ ግን ስለ ስም አማረሩ። ከራሷ አፍ ካልሰሙ ከየት አመጡት? ሐሊማ እርስዎ ቤት ስትሠራ ከጣሪያ ወደቀች የተባለችው ልጅ ናት፤ የድሮውን የፖሊስ መዝገብ አይቻለሁ። ልቦለዱን ሲያነቡ አልፈሩም፤ ለይላ በአደጋ ነው የምትሞተው። ርዕሱ ግን የሐሊማን ስም ከነእውነቱ ሊያወጣ ሆነ፤ ስለዚህ ሚስከርንም ከጣሪያው ገፈተሯት።»

ተውፊቅ አክብሮቱን ጣለው። «በወሬ ልታስሪኝ ነው? ሐሊማን ስገፋ ማን አየኝ?»

ሀጀር ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«እኔ» አለች ሀጀር። «አብረን ነበር የምንሠራው። አንተ ሳታየኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሚስከርም የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ተውፊቅ ወደ በሩ ዞረ፤ ፖሊሶቹ ያዙት።

«ሀጀር፣ ቃልሽን ከሰጠሽ ስለ ኢቃማ ይጠይቁሻል» አለች ሱረያ ቀስ ብላ። «አገርሽ ሊመልሱሽም ይችላሉ።»

«ይመልሱኝ፤ ኸላስ፣ በቃ» አለች ሀጀር ጫማዋን እያጠለቀች። «የሐሊማ እናት ‹ልጄ እንዴት ሞተች?› ብላ በደወለች ቁጥር ስልኩን አላነሳም ነበር። አሁን ሄጄ እነግራታለሁ።»