በአብሪ ትሎች ሰማይ ሥር

«ብረቱን አውልቅ ብዬሃለሁ፣ አንተ ልጅ! የምትተኛው በተነፋ ስልቻ ላይ ነው፤ ጦር ሜዳ አይደለም።»

«እኔ ጎራዝ የአርማድ ልጅ፣ እንደ ሙሽራ ጌጥህን አውልቅ ልባል፣ እማማ ዛጎሌ?»

«ሙሽራስ ይሉኝታ ይይዛታል። አንተን ምን ያዘህ?»

ትንግርት ፊቷን ወደ ዋሻው አፍ አዙራ ሳቋን ዋጠች። ጎራዝ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ነበርና እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። በሰርዶን ምድር ጦረኛ ድል ባደረገ ቁጥር ጥርስ ያለው የብረት አምባር ይጠለቅለታል፤ ሲሞትም ከአምባሩ ጋር ይቀበራል። አምባር ሳይኖረው የሞተ ሰው ስሙ በሙሾ አይጠራም። ጎራዝ ደግሞ ስሙን ሳይጠራ ጅረት እንኳ ተሻግሮ አያውቅም። የደጋ ልጅ ነው፤ ዋና ስለማይችል እግሩን ውኃ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ይፎክራል።

አሁን ግን የፉከራ ጊዜ አልነበረም። የዝናቡ መለከት ከንጉሡ ግምጃ ቤት ከተሰረቀ ወዲህ ደመና በሰርዶን ሰማይ አልፎ አያውቅም። ምንጮች ደርቀዋል፤ ላሞች ጥጆቻቸውን መላስ ትተዋል። መለከቱን መንፋት የሚችል ሳንባ የወረሰች፣ ከነፊዎች ዘር የቀረች የመጨረሻዋ ሰው ትንግርት ናት። ከጎራዝ ጋር ሆና ከሌቦቹ ከእንጉሮች ምሽግ ነጥቃው መጥታ፣ በነጭ ሸማ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስራዋለች። እንጉሮች በቁጣ የተራራውን መተላለፊያ ሁሉ ዘግተዋል። የቀረው መንገድ ከተራራው ሥር የሚያልፈው ወንዝ ብቻ ነው፤ ያንን የሚያውቁት ደግሞ የቀዛፊዎች ልጅ እማማ ዛጎሌ ናቸው። ባዶ ስልቻዎቹን በየጀርባቸው አዝለው ገደሉን የወረዱት በእሳቸው መሪነት ነበር።

ጎራዝ አምባሮቹን እያንኳኳ አንድ በአንድ ዐለቱ ላይ ጣለ። የመጨረሻውን፣ አባቱ በእጁ ያጠለቀለትን፣ ሌሎቹ ስልቻ ሲነፉ ከመቀነቱ ሥር ሸጎጠው። ከዚያ የራሱን ስልቻ በጥቂት ትንፋሽ ወጥሮ አሰረና፣

«ይኸው! የጎራዝ እስትንፋስ አገር ይሸከማል!» አለ።

«እስቲ መጀመሪያ አንተን ይሸከም» አሉ እማማ ዛጎሌ፣ ስልቻዎቹን ታንኳ ከሆነችላቸው የቀርከሃ ርብራብ ሥር እየጠፈሩ። ቀጥሎ ድምፃቸው ተለወጠ። «ከዚህ በኋላ ቃል የለም። ውስጥ የሚያበሩት ትሎች ድምፅ ከሰሙ ይጠፋሉ። እነሱ ከጠፉ ዐለቱን የሚያሳየን የለም፤ ችቦ እንደሆነ ከአፍንጫ ጫፍ አያልፍም። መለከቱ ሲነፋ ደግሞ ወንዙ ዋሻውን እስከ ጣሪያው ይሞላዋል። በኋላ እመጣለሁ ብሎ ነገር የለም።»

ጎራዝ እጁን አነሳ። «እንግዲያስ ሰማይና ምድር ይስሙ! ከሦስታችን ማንም ቢቀር፣ ፀሐይ እንደታየ አስቀድሞ መለከቱ ይነፋ፤ ልቅሶው ኋላ ይድረስ። ይህን ቃል ያፈረሰ የጠባው ጡት ይፍረድበት!»

«ይፍረድበት» አለች ትንግርት።

«ይፍረድበት» አሉ እማማ ዛጎሌ። «ዛሬ ገና ቁም ነገር ተናገርክ።»

በደረታቸው ተኙ። ወንዙ ታንኳዋን ሳብ አድርጎ ወሰዳት፤ የቀኑ ብርሃን ከኋላቸው እንደ ጤፍ ቅንጣት አነሰና ጠፋ። ጎራዝ ዓይኑን ይክፈት ይጨፍን መለየት አቃተው።

አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አየ። ቀጥሎ ሌላ። ወንዙ ሲታጠፍ ጨለማው በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

ሰማይ ነበር፤ ተራራው በሆዱ ደብቆ ያኖረው፣ ፀሐይ የማታውቀው ሰማይ። አብሪ ትሎች ጣሪያውን ሞልተውታል። ከእያንዳንዳቸው ሥር ከሐር የቀጠነ ክር ተንጠልጥሏል፤ በክሩ ላይ የውኃ ጠብታ እንደ ጨሌ ተሰክቶ ያበራል። ብርሃን የሌለበት ጥቁር ቦታ የሾለ ዐለት ነው፤ እማማ ዛጎሌ ያን እያዩ መቅዘፊያቸውን ነካ ያደርጋሉ። ውኃውም ረግቶ የላዩን ሁሉ ስለሚያሳይ፣ ሦስቱ መንገደኞች ከላይም ከታችም በከዋክብት ተከበው ምንም ሳይነካቸው የሚንሳፈፉ መሰላቸው።

ጎራዝ የሚያውቀውን የሙገሳ ቃል ሁሉ በልቡ አገላበጠ። አንዱም አልበቃም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታ አልከበደውም። የበለጠ ለማየት ገላውን አዞረ።

ያን ጊዜ ሆዱን ቀዝቃዛ ነገር ነካው።

ነፋስ ነበር። አምባሩ ከመቀነቱ ሾልኮ ጥርሱ ስልቻው ውስጥ ገብቷል። አገር ይሸከማል ያለው የራሱ እስትንፋስ በቀስታ እየወጣ ሸሚዙን ያርገበግበዋል። ጣቱን ቀዳዳው ላይ ጫነ፤ ቆዳው ግን ተሰንጥቆ ስለነበር ነፋሱ በጣቱ ግራና ቀኝ መውጣቱን ቀጠለ። የታንኳዋ ጥግ ወደ ውኃው ዘመመ። ውኃው ክርኑን አልፎ ወደ ትንግርት ይሄድ ጀመር።

ከፊት ለፊት ከዋክብቱ ዝቅ ዝቅ ብለው ውኃውን ሊነኩ ደርሰዋል፤ የዋሻው መውጫ ጠባብ ቅስት ነው። ከሥሩ የቀን ጭላንጭል ይታያል። እዚያ ወንዙ በስለታም ዐለት መካከል ይፈጥናል፤ ያዘነበለች ታንኳ ትገለበጣለች። ጎራዝ እማማ ዛጎሌን ለመንካት እጁን ዘረጋና መለሰው። እሳቸው መቅዘፊያውን ቢለቁ ማን ይይዘዋል? የቀሩት ስልቻዎች ሦስት ሰው አይችሉም፤ ሁለት ግን ይችላሉ።

በቀኝ በኩል እርከን የመሰለ ዐለት መጣ። ጎራዝ አምባሩን ነቅሎ በእጁ ያዘ። ትንግርትን አያት። ሰማያዊው ብርሃን ግንባሯ ላይ ወርዶ፣ መለከቱን አቅፋ፣ አፏን እንደ ሕፃን ከፍታ ወደ ላይ ታያለች።

ሳይፎክር ከታንኳዋ ወረደ።

ውኃው እስከ ደረቱ ነበር፤ ቅዝቃዜው ትንፋሹን ቀማው። ጥርሱን ነክሶ ዐለቱን ጨበጠና ወጣ። ታንኳዋ ቀና ብላ በቅስቱ ሥር ሾለከች። አንድም ትል አልጠፋም።

ጠበቀ። ምንም አልተሰማም። ፀሐይ ላይ ወጥተው ቦታው ባዶ መሆኑን አይተዋል ማለት ነው፤ ትንግርት መለከቱን ይዛ እያመነታች ነው። «ንፊው» አለ በልቡ። «ምለሽ የለም ወይ? ንፊው እንጂ!»

መለከቱ ተነፋ። ድምፁ በተራራው አጥንት ውስጥ አልፎ መጥቶ እግሩ ሥር ያለውን ዐለት አንቀጠቀጠው። ከቅስቱ በኩል ትሎቹ መጥፋት ጀመሩ፤ ጨለማው በጣሪያው ላይ እንደ ማዕበል ተንከባልሎ ከራሱ በላይ አለፈ። የቀኑ ጭላንጭልም በደመና ጠቆረ። ከዚያ ነጎድጓድ ሰማ፤ ሰርዶን ላይ ዝናብ ወረደ።

ከእንግዲህ የሚጠፋ ብርሃን አልነበረም። ጎራዝ ደረቱን ነፋ።

«እኔ ጎራዝ የአርማድ ልጅ!»

ዋሻው ስሙን ተቀብሎ፣ ሙሾ አውጪ ከምትጠራው አብልጦ፣ ደጋግሞ ጠራለት። እስኪበቃው አዳመጠ።

ወንዙ ሞልቶ እርከኑን አልፎ ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ ነበር። አምባሩን የማንንም ስልቻ በማይበሳበት ስንጥቅ ውስጥ አኖረውና፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ በእርከኑ ላይ ወንዙ ወደመጣበት አቅጣጫ መራመድ ጀመረ።